ምንድን ነው? ስንት ነው? ከየት መጣ? ዕፅዋትን ለመለየትና የወራሪ አረምን ምንጭ ለመፈለግ የትኛው ዘዴ ይሻላል?

አንድ እንግዳ አረም መሬት ሲይዝ ሦስት ጥያቄዎች ተደራርበው ይመጣሉ። ይህ ተክል ምንድን ነው? አብሮት ስንት ዓይነት ዕፅዋት አለ፣ ስንቱንስ እያጠፋ ነው? ከየትስ መጣ? ሦስቱን በአንድ ዘዴ ለመመለስ መሞከር የዚህ ሥራ ዋነኛ ብክነት ነው። ቅጠል ቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ቀላል ስለሚመስል ሁሉም ነገር በዲኤንኤ እንዲፈታ ይጠበቃል፤ ውጤቱ ሲመጣ ግን ላልተጠየቀ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ሆኖ ይገኛል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በደንብ የደረቀ ናሙናና አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር ይበቃል። ለሁለተኛው ገመድና ችካል ከላቦራቶሪ ይበልጣሉ። ለሦስተኛው ደግሞ ዝርያን ለመለየት የሚያገለግለው የዲኤንኤ ባርኮድ፣ ማለትም እንደ መለያ ምልክት የሚነበብ አጭር የዲኤንኤ ክፍል፣ ብቻውን ምንም ያህል አያስኬድም።

መልሱ የትኛውን ውሳኔ ይቀይራል?

ዘዴ ከመምረጥ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። አረሙ ገና ትንሽ ቦታ ላይ ካለና ሳያብብ በእጅ የሚነቀል ከሆነ፣ ከየት እንደመጣ ማወቅ ሥራውን አይቀይረውም። ስሙም እስከ ጂነስ፣ ማለትም እስከ ቅርብ ዝርያዎች ወገን፣ ድረስ ቢታወቅ ይበቃ ይሆናል። አረሙን የሚበላ ነፍሳት ወይም የሚያጠቃ ፈንገስ ከትውልድ አገሩ ለማምጣት ሲታሰብ ግን ስሙም ምንጩም በትክክል መታወቅ አለባቸው።

ለዚህ ከሳልቪኒያ ሞሌስታ የተሻለ ማስረጃ የለም። ይህች ውኃ ላይ የምትንሳፈፍ ፈርን ለረጅም ጊዜ ሳልቪኒያ ኦሪኩላታ ተብላ ስትታወቅ ነበር። ራሷን የቻለች ዝርያ ሆና የተገለጸችው በ1972 ነው። ከዚያ በፊት እሷን ለመቆጣጠር የተላኩት ነፍሳት ከዘመዷ ላይ የተሰበሰቡ ስለነበሩ ውጤታቸው ደካማ ሆነ። በ1978 እውነተኛ መገኛዋ ደቡብ ምሥራቅ ብራዚል መሆኑ ሲታወቅ ግን ከዚያ የተወሰደ አንድ ትንሽ ነቀዝ በ1980 አውስትራሊያ ውስጥ በሙንዳራ ሐይቅ ተለቀቀ፤ በቀጣዩ ዓመት ሐይቁን የሸፈነው አረም ከሞላ ጎደል ጠፋ። ነቀዙም ቢሆን ቀድሞ በሚታወቅ ሌላ ዝርያ ስም ሲጠራ ቆይቶ በ1985 ሲርቶባገስ ሳልቪኒዬ ተብሎ አዲስ ስም ተሰጠው። ሁለት የመለየት ስህተቶች፣ አንዱ በተክሉ አንዱ በነፍሳቱ ላይ፣ ተደራርበው ነበር።

ምንድን ነው? አፕ፣ መለያ ቁልፍ ወይስ ባርኮድ

ፈጣኑ መነሻ የስልክ አፕ ነው። ፕላንትኔትና አይናቹራሊስት ሰፊ ቅጠል ባላቸው፣ በሚያብቡና ብዙ ፎቶ በተነሣላቸው ዕፅዋት ላይ ጥሩ ይሠራሉ። በሣርና በቄጠማ፣ በቡቃያ፣ አበባ በሌለው ቁጥቋጦ ላይ ግን ይደክማሉ፤ የእነዚህ መለያ ምልክት ፎቶ ላይ የማይታይ ፀጉር፣ ስስ ሽፋን ወይም የዘር ቅርጽ ነውና። አንድ ፎቶ አንሥቶ መልስ መጠበቅ አይገባም። ቢያንስ ስድስት ያንሡ፦ ሙሉ ተክሉን ከነቦታው፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ አበባውን ከፊትና ከጎን፣ ፍሬውን ወይም ዘሩን፣ ከሁሉም አጠገብ ማስመሪያ አስቀምጠው።

ወራሪ አረምን በሚመለከት አፖች አንድ የተደበቀ ወጥመድ አላቸው። አብዛኛዎቹ መልሳቸውን የሚያጣሩት በአካባቢው ከዚህ በፊት በተመዘገቡ ዝርያዎች ነው። አዲስ የገባ አረም በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ አፑ በጣም የሚመስለውን ነባር ተክል ስም ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በቦታ ማጣሪያው፣ አንድ ጊዜ ያለ ማጣሪያው ይጠይቁትና ሁለቱን ያወዳድሩ። ሁለቱ መልሶች ከተለያዩ ነገሩ ጥርጣሬ የሚገባው ነው። አይናቹራሊስት ላይ «ለምርምር የበቃ» የሚለው ደረጃም ከአስተያየት ሰጪዎቹ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ተስማምተዋል ማለት ነው እንጂ ናሙናውን በእጁ የያዘ ባለሙያ አረጋግጧል ማለት አይደለም። አፕን እንደ እጩ አቅራቢ ይጠቀሙበት፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስሞች ይውሰዱና ወደ መለያ ቁልፍ ይሂዱ።

መለያ ቁልፍ፣ ማለትም በየደረጃው ከሁለት መግለጫዎች አንዱን እያስመረጠ ወደ ስም የሚያደርስ መጽሐፍ ወይም ድረ ገጽ፣ አሁንም ከሁሉም በላይ የሚታመን ዘዴ ነው። የሚሠራው ግን አበባና ፍሬ ያለው ተክል ሲኖር ነው። በአንድ ደረጃ ላይ ማመንታት ከመጣ ሁለቱንም መንገድ ተከትለው መጨረሻ ላይ የሚገኙትን ሙሉ መግለጫዎች ከናሙናው ጋር ያነጻጽሩ፤ የተሳሳተው መንገድ ብዙ ጊዜ በመጠንና በመኖሪያ ቦታ ራሱን ያጋልጣል። ከአፑ ጋር የሚጋራው ድካምም አለው። የአንድ አገር ወይም ክልል የዕፅዋት መጽሐፍ ከታተመ በኋላ የገባ ተክል በቁልፉ ውስጥ የለም፤ ቁልፉ ግን «አላውቀውም» ማለት ስለማይችል ወደ አንዱ ነባር ዝርያ ይገፋዋል። መግለጫው በሁለትና በሦስት ነጥብ የማይገጥም ከሆነ ስሙን ለማስገጠም አይጣሩ። ጂነሱን ይያዙና የዚያን ጂነስ ዓለም አቀፍ ጥናት ወይም የተጠረጠረውን የትውልድ አገር የዕፅዋት መጽሐፍ ይክፈቱ። የኪው ዕፅዋት ተቋም በበይነ መረብ ያስቀመጠው የዓለም ዕፅዋት ዝርዝር ለእያንዳንዱ ዝርያ ተወላጅ የሆነበትንና ተወስዶ የገባበትን አገር ለይቶ ስለሚያሳይ ለማጣራት ይጠቅማል።

እዚህ ላይ የስም መቀያየር ብዙ ሰው ያደናግራል። እምቦጭ በቀደሙት ጽሑፎች አይኮርኒያ ክራሲፔስ ሲሆን በአዲሶቹ ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ ነው። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው እሾሃማ ዛፍም ከ2022 ጀምሮ ኔልቱማ ጁሊፍሎራ ተብሎ ይጻፋል። በአንዱ ስም ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹን መረጃ ያጣል፤ የመጀመሪያ ምዝገባ ዓመትን ሲፈልግ ደግሞ ጭራሽ የተሳሳተ ዓመት ላይ ይደርሳል።

ዓይን የሚበቃበትን ቦታ በምሳሌ እንመልከት። ቅንጨ አረምና አምብሮሲያ የተባለው ሌላ አረም ገና ሳያብቡ ቅጠላቸው በጣም ይመሳሰላል። ሲያብቡ ግን ጥርጣሬ አይኖርም፦ ቅንጨ አረም ከላይ የተበተኑ ነጫጭ፣ አምስት ማዕዘን የሚመስሉ ትናንሽ ራሶች አሉት፤ የአምብሮሲያ ወንዴ ራሶች ግን አረንጓዴ ሆነው በዘንግ ላይ ወደ ታች ተንጠልጥለው ይደረደራሉ። ለዚህ ዲኤንኤ ማስመርመር ገንዘብ መጣል ነው። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራና ፕሮሶፒስ ፓሊዳ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ቅጠላቸው ስለሚለዋወጥ ባለሙያዎችም ለረጅም ጊዜ አደባልቀዋቸዋል። መፍትሔው ባርኮድ ሳይሆን የክሮሞሶም ብዛት ሆነ፦ የመጀመሪያው 56፣ ሁለተኛው 28 ክሮሞሶም አለው። ይህን ልዩነት ፍሎው ሳይቶሜትሪ የተባለው መሣሪያ ትኩስ ቅጠል በምላጭ ከትፎ የኒውክለሱን ዲኤንኤ መጠን በመለካት በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል። የሚያስፈልገው ትኩስ ቅጠልና አብሮ የሚከተፍ መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ ተክል ነው። ዲቃላ ወይም የክሮሞሶም ስብስቡ የተባዛ ዝርያ በተጠረጠረ ቁጥር ይህ ዘዴ ከዲኤንኤ ቅደም ተከተል ንባብ በፊት ሊታሰብ ይገባል፤ ብዙዎች የሚዘሉት ስለማያውቁት ብቻ ነው።

ባርኮድ ቦታው የት ነው? አበባ በሌለበት። ቡቃያ፣ የሥር ቁራጭ፣ ከእህል ጋር የተደባለቀ ዘር፣ የተፈጨ ቅጠል፣ ከእንስሳ ሆድ የወጣ ቅሪት ሲሆን ዓይን አይረዳም። በ2009 ለየብስ ዕፅዋት የተመረጡት ሁለቱ መደበኛ የዲኤንኤ ክፍሎች አርቢሲኤልና ማትኬ ናቸው። ሁለቱ ተጣምረው በዚያን ጊዜ በተፈተኑት ናሙናዎች ላይ ዝርያን የለዩት 72 በመቶውን ነበር፤ የቀረውን እስከ ቅርብ ዘመዶቹ ቡድን ብቻ አድርሰውታል። ይህ ቁጥር ከመጀመሪያው ልብ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

አርቢሲኤል በማንኛውም ተክል ላይ ማለት ይቻላል በቀላሉ ይባዛል፣ ነገር ግን በዝግታ ስለሚለወጥ ቅርብ ዘመዶችን አይለይም። ማትኬ ይሻላል፤ ችግሩ ፕራይመሮቹ፣ ማለትም ማባዛቱን የሚያስጀምሩት አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች፣ በሁሉም ቤተሰብ ላይ አለመያዛቸው ነው። ትርንኤች–ፒኤስቢኤ የሚባለው ክፍል ብዙ ልዩነት ይይዛል፣ ነገር ግን ርዝመቱ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይና ተደጋጋሚ የኤ ወይም የቲ ሰንሰለት ስለሚበዛበት ንባቡ መሐል ላይ ይበላሻል። አይቲኤስ2 ከኒውክለስ የሚመጣ አጭር ክፍል ስለሆነ ቅርብ ዘመዶችን በመለየት ይበልጣል፤ ግን ቅጠሉ ላይ የተቀመጠውን ፈንገስም አብሮ ሊያባዛ ይችላል። ቅጠሉን ከማድረቅ በፊት በንጹሕ ውኃ መጥረግና ነጠብጣብ የሌለበትን ወጣት ቅጠል መምረጥ የሚበጀው ለዚህ ነው። የእኛ ምርጫ አርቢሲኤልና አይቲኤስ2ን አብሮ ማስነበብ ነው፦ የመጀመሪያው ቤተሰቡንና ጂነሱን ይቆልፋል፣ ሁለተኛው ወደ ዝርያ ያቀርባል፣ አንዱ ከክሎሮፕላስት (ከሴሉ አረንጓዴ አካል) ሌላው ከኒውክለስ ስለሆነም ሁለቱ ሲጋጩ ዲቃላ መኖሩን ይጠቁማሉ።

ውጤቱን ማንበብ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «99 በመቶ ይመሳሰላል» የሚለው ቃል ያጽናናል፤ ይሁንና 550 የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ባለው አርቢሲኤል ላይ አንድ በመቶ ማለት አምስት ወይም ስድስት ፊደል ነው። እህትማማች ዝርያዎች ብዙ ጊዜ ከዚያ ባነሰ፣ አንዳንዴም በምንም አይለያዩም። በአንድ መቶ በመቶ ሦስት ዝርያዎች ከመጡ መልሱ ጂነሱ ነው እንጂ መጀመሪያ የተጻፈው ስም አይደለም። ጄንባንክ በተባለው የዲኤንኤ መረጃ ቋት ውስጥ በተሳሳተ ስም የገቡ ቅደም ተከተሎች መኖራቸውም የታወቀ ነው። የማስረጃ ናሙና (የተቀመጠ የደረቀ ተክል) ቁጥር ያላቸው፣ ከተለያዩ ሰብሳቢዎች የመጡ ቢያንስ ሦስት መዝገቦች ከእርስዎ ናሙና ጋር ካልተስማሙ ስሙን አይቀበሉት።

ዲኤንኤውን የሚያባዛው ምላሽ፣ ፒሲአሩ፣ ባዶ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ዲኤንኤው አለመኖሩ አይደለም። እንደ ቁልቋል ያሉ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያላቸው ወይም ሲቆረጡ የሚጠቁሩ ቅጠሎች ምላሹን የሚያግዱ ውሁዶችን ይዘው ይወጣሉ። መጀመሪያ የሚሞከረው ዲኤንኤውን አሥር እጥፍ ማቅጠን ነው። ካልሠራ በማውጫው ፈሳሽ ላይ እነዚህን ውሁዶች የሚይዘውን ፒቪፒ ጨምሮ እንደገና ማውጣት ይቀጥላል።

ስንት ዓይነት አለ? ችካልና ገመድ ከላቦራቶሪ ጋር

ብዝኃነትን ለመለካት የሜዳ ቆጠራን የሚተካ ዘዴ እስካሁን የለም። የተለመደው አካሄድ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚከለል መደብ፣ ማለትም በገመድና በችካል የታጠረ የመቁጠሪያ ቦታ ነው፦ ለዛፍ 20 በ20 ሜትር፣ በውስጡ ለቁጥቋጦ 5 በ5 ሜትር፣ ለሣርና ለአነስተኛ ተክል 1 በ1 ሜትር የሆኑ አምስት ያህል፣ አራቱ በማዕዘን አንዱ በመካከል። በእያንዳንዱ የዝርያው ስምና የሸፈነው መሬት በመቶኛ ይመዘገባል። የዝርያ ቁጥር ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ ለምን እንደሆነ አንድ ስሌት ያሳያል። አንድ መደብ አራት ዝርያዎች እኩል ቢካፈሉት፣ እያንዳንዳቸው 25 በመቶ፣ የዝርያ ቁጥርንና ድርሻን አብሮ የሚመዝነው የሻነን መለኪያ 1.39 ይሆናል። አንድ ወራሪ 85 በመቶውን ይዞ ሦስቱ 5 በመቶ፣ 5 በመቶ ቢቀራቸው መለኪያው ወደ 0.59 ይወርዳል። በሁለቱም የዝርያ ቁጥሩ አራት ነው። ለአንባቢ ይበልጥ ግልጽ እንዲሆን ደግሞ መለኪያውን ወደ «ውጤታማ ዝርያ» መመለስ ይቻላል፦ በመጀመሪያው 4፣ በሁለተኛው 1.8። ሪፖርት ላይ ይህን መጻፍ ከሻነን ቁጥር ይሻላል እንላለን፤ ማንም ሰው ትርጉሙን ይረዳዋል።

መደቦቹን አረሙ ባለበት ብቻ መትከል ዋናው ስህተት ነው። የተወረረው ቦታ ከመጀመሪያውም ድሃ መሬት፣ የመንገድ ዳር ወይም የተጋጠ ሜዳ ሊሆን ይችላል። ተመሳሳይ አፈር፣ ተዳፋትና አጠቃቀም ያለው ያልተወረረ ጎረቤት በእኩል ቁጥር ካልተለካ የዝርያው መመናመን የአረሙ ይሁን የቦታው መለየት አይቻልም። አዲስ መደብ ሲጨመር የዝርያ ዝርዝሩ መጨመር እስኪያቆም ወይም በጣም እስኪዘገይ ድረስ ይቀጥሉ፤ ስንት መደብ ይበቃል ለሚለው ጥያቄ የተሻለ መልስ የለም። አንድ ዙር በዝናብ፣ አንድ ዙር በበጋ ካልተደረገ ደግሞ አጭር ዕድሜ ያላቸው ዕፅዋት ይቀራሉ።

ከአፈር ወይም ከውኃ የተወሰደን ዲኤንኤ በጅምላ ማንበብ፣ ሜታባርኮዲንግ የሚባለው፣ ሜዳ ላይ በዓይን የማይገኘውን ያመጣል፦ የተቀበረ ዘር፣ ገና ያልበቀለ ሥር፣ ውኃ ውስጥ ያለ ቁራጭ። ለዚህ የሚመረጠው የትርንኤል ጂን ፒ6 የተባለው ክፍል ከ10 እስከ 143 ፊደል ብቻ ስለሆነ የተሰባበረ ዲኤንኤም ይበቃዋል። አጭርነቱ ግን ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ ወይም ከጂነስ በታች እንዳይወርድ ያደርገዋል። የንባብ ብዛትም ሽፋንን አይነግርም። ባዶ መቆጣጠሪያ፣ ማለትም ምንም ናሙና የሌለበት ቱቦ፣ ከማውጣት እስከ ንባብ አብሮ ካልሄደ በነፋስ የመጣ የአበባ ብናኝና ከጎረቤት ቱቦ የተረጨ ጠብታ «አዲስ ወራሪ» ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ ሜታባርኮዲንግ ቀድሞ ለማስጠንቀቅ እንጂ ለመለካት አይሆንም።

የሳተላይት ምስል በዚህ ንጽጽር ውስጥ አጭር ቦታ ነው ያለው። የሴንቲኔል-2 ምስል በምርጥ ሁኔታው 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ነጥብ ያሳያል። እምቦጭ ሐይቅ ላይ ሲሰፋ ወይም አንድ ዓይነት ቁጥቋጦ ሜዳ ሲሸፍን ለመከታተል ግሩም ነው፤ ከሌላ ቅጠል መካከል የተሰገሰገን አረም ግን አያይም።

ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው የሚበዛው

የመጀመሪያው መሣሪያ የሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ፣ መደርደሪያ ነው። የደረቁ ናሙናዎች ዓመት፣ ቦታና ሰብሳቢ አላቸው፤ ጂቢአይኤፍ የተባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋትም ብዙዎቹን በነጻ ያሳያል። በዓመት አሰልፎ ካርታ ላይ ማስቀመጥ አረሙ መጀመሪያ በወደብ፣ በእርሻ ጣቢያ ወይም በዕፅዋት መናፈሻ አጠገብ መታየቱን ሊገልጥ ይችላል። የመጀመሪያ ምዝገባ ግን የመግቢያ ዓመት አይደለም፤ ብዙ ወራሪዎች ከመስፋፋታቸው በፊት ለአሥርተ ዓመታት ሳይታዩ ይቀመጣሉ። ካርታው ሰብሳቢዎቹ የሄዱበትን መንገድም ያሳያል፣ ስለዚህ በዚያው ጊዜ በዚያው አካባቢ ሌሎች ዕፅዋት ምን ያህል እንደተሰበሰቡ አብሮ ይታይ።

የታሪክ ማስረጃ ብቻውን የሚያሳምንበት ጊዜም አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ቅንጨ አረም የገባው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ነው፤ ኩዊንስላንድን ያጥለቀለቀው በክሌርሞንት አካባቢ ከቴክሳስ በመጣ የግጦሽ ሣር ዘር ውስጥ ተደባልቆ የገባው ነው። በቱጉላዋ የታየው ሌላው አብዛኛውን ጊዜ በቦታው ተወስኖ ቀርቷል። አንድ ዝርያ፣ ሁለት መግቢያ፣ ፍጹም የተለያየ ዕጣ። ትምህርቱ ተግባራዊ ነው፦ መግቢያው ዘር ከሆነ የዘር ቁጥጥር፣ መኪና ከሆነ የጎማ እጥበት፣ ጌጣጌጥ ተክል ከሆነ የችግኝ ጣቢያ ይጠበቃል።

ታሪክ ሲያልቅ ዘረመል ይጀምራል፤ አራት ዋና ምርጫዎች አሉ።

የክሎሮፕላስት ሃፕሎታይፕ፣ ማለትም አብሮ የሚወረስ የዲኤንኤ ልዩነቶች ስብስብ፣ ርካሽና ቀላሉ ነው። በአብዛኛዎቹ አበባ አብቃዮች ክሎሮፕላስት ከእናት ብቻ ስለሚወረስ የዘርን ጉዞ ይከተላል። ፍራግሚተስ አውስትራሊስ የተባለው ሸምበቆ በሰሜን አሜሪካ የጥንት ነዋሪ ሆኖ ሳለ ለምን በድንገት ወራሪ እንደሆነ የተፈታው በዚህ ነው። በ2002 የታተመ ጥናት ከ1910 በፊት የተሰበሰቡ የሄርባሪየም ናሙናዎችን ከዘመኑ ሸምበቆ ጋር አነጻጽሮ፣ የሚስፋፋው ሃፕሎታይፕ ኤም የተባለ ከባሕር ማዶ የመጣ መስመር መሆኑን አሳየ። ነባሩና መጤው በዓይን ሲታዩ አንድ ይመስሉ ነበር።

የአባትን ወገን ግን ክሎሮፕላስት አያይም። በአሜሪካ ምዕራብ ወንዞችን የወረረው ታማሪክስ የተባለው ቁጥቋጦ ትልቁ ክፍል የሁለት የእስያ ዝርያዎች ዲቃላ መሆኑ የታወቀው የኒውክለስ ጂን ሲነበብ ነው፤ ዲቃላው ደግሞ በትውልድ አገሩ እስያ በተሰበሰቡት ናሙናዎች ውስጥ አልተገኘም። ይህ ተክል «ምንጭ» የለውም ማለት ይቻላል፤ የተሠራው በሄደበት ነው። ዲቃላ የሚጠረጠር ከሆነ በክሎሮፕላስት ብቻ የተሠራ ምንጭ ፍለጋ ግማሽ መልስ ነው።

ማይክሮሳተላይት፣ ማለትም የሚደጋገሙ አጫጭር የዲኤንኤ ፊደላትን ርዝመት መለካት፣ በትንሽ ላቦራቶሪ የሚሠራ፣ ከ10 እስከ 15 በሚሆኑ የዲኤንኤ ቦታዎች ላይ ግለሰቦችን ለመለየት የሚያስችል ዘዴ ነው። ከሁሉ በላይ ክሎንን፣ ማለትም ከአንድ ተክል ቁራጭ የተባዙ አንድ ዓይነት ተክሎችን፣ ያጋልጣል። በብሪታንያ ያለው የጃፓን ኖትዊድ የተባለው ወራሪ ተክል አንድ ሴቴ ክሎን ብቻ መሆኑ በዘረመል ምርመራ ሲታወቅ፣ አገሩን ያዳረሰው በሥርና በግንድ ቁራጭ እንጂ በዘር አለመሆኑ ተረጋገጠ፤ ይህም አፈር ማጓጓዝን ዋናው የቁጥጥር ቦታ አደረገው። የማይክሮሳተላይት ድካሙ ልኬቱ ከማሽን ማሽን መንሸራተቱ ነው። የሁለት ላቦራቶሪዎችን ቁጥር ያለ ጋራ ማመሳከሪያ ናሙና ማጣመር በእውነት የሌሉ ልዩነቶችን ይፈጥራል። ክሮሞሶማቸው በተባዛ ዝርያዎች ላይም አንድ ምልክት ስንት ጊዜ እንዳለ መቁጠር ያስቸግራል።

ራድሴክን የመሳሰሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የዲኤንኤ ነጥቦችን የሚያነቡ ዘዴዎች አሁን የምንመርጣቸው ናቸው፤ ከአንድ ሕዝብ (በአንድ ቦታ ከሚኖር የተክሉ ስብስብ) ከ8 እስከ 12 ግለሰብ ሊበቃ ይችላል፣ በማይክሮሳተላይት ግን 20 እስከ 30 ያስፈልጋል። ያልተሰባበረ ዲኤንኤና ስሌት የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። የድሮ ሄርባሪየም ቅጠል ዲኤንኤ ብዙ ጊዜ ከ200 ፊደል በታች ስለተቆራረጠ ለዚህ አይሆንም፤ በእሱ ምትክ 353 የኒውክለስ ጂኖችን እየለቀመ የሚያወጣው አንጂዮስፐርምስ353 የተሻለ ነው።

በየትኛውም ዘዴ ቢሠራ ምንጭ ፍለጋን የሚያበላሸው ላቦራቶሪው ሳይሆን የናሙና አሰባሰቡ ነው። ከተወረረው አገር መቶ ናሙና፣ ከትውልድ አገሩ አምስት መሰብሰብ የተለመደ ስህተት ነው፤ መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። የስሌት ፕሮግራሞቹ እያንዳንዱን ናሙና ከተሰጣቸው ሕዝቦች ወደሚቀርበው ይመድባሉ፤ እውነተኛው ምንጭ ካልተሰበሰበ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ስም ይሰጣሉ። ሌላም አለ፦ አረሙ ከትውልድ አገሩ በቀጥታ ሳይሆን ቀድሞ ከተወረረ ሦስተኛ አገር ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የንግድ ግንኙነት ካላቸው የተወረሩ አገሮችም ናሙና ይኑር። ክሎን የሆኑ ናሙናዎች ከስሌቱ በፊት ወደ አንድ ይቀነሱ፤ አለበለዚያ አንድ ተክል ሃያ ጊዜ ተቆጥሮ ራሱን የቻለ «ሕዝብ» ይመስላል። በመሬት ላይ ቢያንስ 10 ሜትር ማራራቅ፣ ተንሳፋፊ ከሆነ ከተለያዩ ወሽመጦች መውሰድ ይረዳል።

ዝቅተኛ ልዩነት ሁልጊዜ መገኘት አለበት የሚል ግምትም ይተው። ፈረንሳይ ያለው አምብሮሲያ በሕዝቦቹ ውስጥ ያለው የዘረመል ልዩነት ከፍተኛ ነው፤ ከብዙ ምንጮች ደጋግሞ ስለገባ ነው። እንዲህ ያለ ወራሪ «አንድ አገር» የሚል መልስ አይኖረውም፣ ሪፖርቱም በድርሻ መጻፍ አለበት። እምቦጭ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አበባው የሴቴው ዘንግ ረጅም፣ መካከለኛ ወይም አጭር የሆነባቸው ሦስት መልኮች ሲኖሩት ከትውልድ አህጉሩ ደቡብ አሜሪካ ውጭ የሚያይለው መካከለኛው ነው፣ አጭሩ እዚያው ቀርቷል። ከወረራው ቦታ አበቦችን ከፍቶ ዘንጉን ማየት የማይከፈልበት የመጀመሪያ ፍንጭ ነው።

ከዝርያ በታች መለየት ምን ይጠቅማል ለሚል፣ ኮንድሪላ ጁንሲያ የተባለችው አረም መልስ ትሰጣለች። በ1971 አውስትራሊያ ውስጥ የተለቀቀው የዝገት ፈንገስ ጠባብ ቅጠል ያለውን ዓይነት በሚገባ መታ፤ ሌሎቹን ሁለት ዓይነቶች ግን አልነካም፣ ባዶውን ቦታ እነሱ ያዙት።

እንግዲህ የትኛው?

አዲስ አረም ተገኝቶ ቶሎ መወሰን ካስፈለገ፦ ስድስት ፎቶ፣ የደረቀ ናሙና፣ መለያ ቁልፍ፤ ባርኮድ አበባ ከሌለ ብቻ። የጥበቃ ቦታ ብዝኃነት ከሆነ መደቦች በተወረረና ባልተወረረ ቦታ፤ በጀት ከተረፈ የአፈር ዘር ክምችትን ለማየት ሜታባርኮዲንግ። የመግቢያ በር ለመዝጋት ከሆነ ታሪክና ሄርባሪየም ይቅደሙ፣ ከዚያ ክሎሮፕላስት። የተፈጥሮ ጠላት ለማምጣት ከሆነ ግን የኒውክለስ ነጥቦች፣ ከትውልድ አገሩ ሰፊ ናሙና ጋር፤ እዚህ መቆጠብ አይገባም።

በሁሉም ምርጫ የማይቀረው የማስረጃ ናሙናው ነው። 29 በ42 ሴንቲሜትር ወረቀት ላይ የሚገባ አበባና ፍሬ ያለው ተክል በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ይደርቃል፤ ጋዜጣው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቀኑ ይለወጣል፣ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ አይለፍ። የውኃ ተክልን ሳህን ውኃ ላይ አንሳፍፈው ወረቀቱን ከሥሩ ያንሡት። ተባይ እንዳይገባ በፕላስቲክ ታሽጎ ለአንድ ሳምንት በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጥ። መለያው ላይ ቀን፣ መጋጠሚያ ነጥብ፣ ከፍታ፣ የመኖሪያ ቦታ፣ የተክሉ ቁመትና ሲደርቅ የሚጠፋው የአበባ ቀለም ይጻፍ። ከዚያው ተክል ወጣት ቅጠል ተቆርጦ በቀጭን ወረቀት ውስጥ ከክብደቱ አሥር እጥፍ በሆነ፣ እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል ይቀመጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲታጠፍ ካልተሰበረ ሲሊካው ይለወጥ። በአልኮል የተረጨ ናሙና ለዲኤንኤ አይሆንም። የቅጠሉ ፖስታና የደረቀው ናሙና አንድ ቁጥር ይያዙ። ቅንጨ አረም ሲሰበሰብ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ ቆዳንም መተንፈሻንም ያስቆጣል። ዘር ያለው ናሙና ከቦታው የሚወጣው በታሸገ ከረጢት ነው፣ ጫማና የመኪና ምንጣፍም ከመነሣት በፊት ይራገፋሉ።

ናሙና ከአገር አገር የሚያልፍ ከሆነ ፈቃዱ ከመሰብሰቡ በፊት ይጀመር። ከ2014 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የናጎያ ፕሮቶኮል የዘረመል ሀብት ለምርምር ሲወጣ የሰጪውን አገር ፈቃድና የጥቅም መጋራት ስምምነት ይጠይቃል፤ የተቀባዩ አገር የዕፅዋት ኳራንቲን ደግሞ ለብቻው ነው። በሲሊካ የደረቀ ቅጠል በአብዛኛው ያልፋል። ሊበቅል የሚችል ዘር ግን የተለየ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ለዲኤንኤ ሲባል ዘር ከመላክ ቅጠል መላክ ይሻላል።